ክትባቱ የሞተ ጊዜ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ደባርቅ ወጥቼ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ስሄድ አንዲት ሴት በሱቋ ደጃፍ ቁጭ ብላ ላምባ ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ትገለብጣለች። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ ቆመ። ሌላው ሰው ላምባ ሲሸተው ኩራዝ ወይም ምድጃ ያስታውስ ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ ብርድ ነው። በረዶ የጋገረበት የብረት ግድግዳ፣ በትንሽ መስታወት የምትታይ ሰማያዊ ነበልባል፣ ከዚያም ከጓዳ የሚመጣ የእናቴ ድምፅ፦ «ሰናይት፣ እሳቷ ደኅና ናት?»

ሰባተኛ ክፍል የነበርሁበት ዓመት ነው።

እናቴ በጤና ጣቢያው ክትባት ትሰጥ ነበር። ከተማው «ሲስተር ዓለም» ይላታል። አባቴ ያን ዓመት ለሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር ቤቱ የሁለታችን ብቻ ሆኖ ነበር፤ አጥራችንም ከጤና ጣቢያው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። መብራት እንደ ልቡ የሚመጣና የሚሄድ ስለነበር ክትባቱ የሚቀመጠው እኛ ቤት በቆመ፣ በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። በእሳት የሚቀዘቅዝ ሳጥን! ይህን ነገር ማንም በቅጡ አስረድቶኝ አያውቅም። ከሥሩ እሳት ይነድዳል፣ ከላዩ ውሃ በረዶ ይሆናል። እኔ በራሴ የደረስሁበት፣ ብርዱ እሳቱን ፈርቶ ወደ ላይ ይሸሻል የሚል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የእኔ ሥራ ነበልባሏን ማየት ነው። ተንበርክኬ ከሥር የተቀመጠችውን መስታወት አያለሁ። ሰማያዊ ከሆነች ደኅና ናት፤ ቢጫ ከሆነች ታጨሳለችና ክሩን አስተካክላለሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን አነብና በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት እጽፋለሁ።

«ቶሎ ዝጊው፣ ይሞቱብኛል» ትለኛለች እናቴ።

ይሞቱብኛል። እንዲህ ነበር የምትናገረው። ስለ ኩፍኝ ክትባት ስታወራ ለሰማት ጫጩት የምታሳድግ ነው የሚመስለው።

«በብልቃጡ ውስጥ ያለው ራሱ ኩፍኙ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ግን ደክሟል፤ ጉልበት የለውም። ሰውነት በደካማው ተለማምዶ ብርቱው ሲመጣ ይመክተዋል።»

ከዚያ በፊት ኩፍኝን የማውቃት ሴት አድርጌ ነው። የሠፈራችን ሰዎች ስሟን መጥራት ስለማይወዱ «ያች ነገር» ይሏታል። «ያች ነገር ዳባት ገባች»፣ «ያች ነገር አምባ ጊዮርጊስ ሰነበተች» ሲባል ስሰማ፣ በሚኒባስ ከገበያ ገበያ የምትዞር፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት ትታየኝ ነበር። አሁን ያች ሴት ደክሟት በእናቴ ብልቃጥ ውስጥ ተኝታለች ማለት ነው። ፍሪጁን ስከፍት ድምፅ እንዳላሰማ የምጠነቀቀው ለዚህ ነበር።

አንድ ጊዜ ላምባ ከከተማው ጠፋ። እናቴ ከሱቅ ሱቅ ብትዞር አጣች፤ እሳቷም ጠፋች። በሦስተኛው ቀን እናቴ በሩን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየችና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ራሷን ያዘች።

«አለቁ» አለች። «ሁሉም ሞቱ።»

እኔ ሮጬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ፈንታ ይህንኑ ነገርኋት። እትዬ ፈንታ ለለቅሶ ማንም አይቀድማትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ «ወየው! ወየው! እነማን ናቸው?» እያለች ገባች።

«ክትባት» አለች እናቴ።

እትዬ ፈንታ በቆመችበት ግራ ተጋባች። «ክትባት የማን ልጅ ነው?»

እናቴ ያን ቀን ከሐዘኗ መካከል ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሞት ሞት ነው፤ እናቴ ያዘነችበት ነገር ሕይወት እንደነበረው አልተጠራጠርሁም።

የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ደሳለኝ ይባል ነበር። ከኮሌጅ ወጥቶ ማስተማር የጀመረበት ዓመት ነው። ያደገው አዲ አርቃይ፣ ቆላ ስለሆነ የደባርቅ ብርድ ጠላቱ ነበር። ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ከላዩ ጋቢ ጣል አድርጎ ነው የሚያስተምረው፤ ጠመኔውን በጓንት ነው የሚይዘው። የተከራየው የእትዬ ፈንታን ሰርቪስ ቤት ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሲያስነጥስ ከግቢያችን ይሰማል።

«ሕይወት ያለው ነገር ምን ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቀናል።

እኛም ስልሳ የምንሆን ልጆች ባንድ ድምፅ፣ «ይመገባል! ይተነፍሳል! ያድጋል! ይንቀሳቀሳል! ይራባል!» እንላለን። «ይራባል» የሚለው መራብ፣ ምግብ መፈለግ ማለት ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም የማምንበት እሱን ነው፤ በጾም ወራት በእኔም በኩል እውነትነቱ የተረጋገጠ ነበር። መውለድና መብዛት ማለት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ቲቸር ደሳለኝ ሰሌዳው ላይ ቫይረስ ሳለ። ትንሽ ክብ፣ ዙሪያውን እሾህ።

«ይህ ይመገባል? አይመገብም። ይተነፍሳል? አይተነፍስም። ብቻውን ከተቀመጠ ከዚህ የጠመኔ ብናኝ አይለይም። ሰው አካል ውስጥ ሲገባ ግን የሰውየውን ሴል እያዘዘ መሰሉን ያሠራል። ወፍጮ ሳይኖረው በሰው ወፍጮ እንደሚያስፈጭ ነው። ስለዚህ ሕይወት የለውም።»

ስለዚህ ሕይወት የለውም። እጄን ላወጣ ፈለግሁና ፈራሁ። በፈተናው ላይ ግን አልፈራሁም። «ቫይረስ ሕይወት ያለው ነገር ነው» ይላል ጥያቄው፤ እውነት ወይም ሐሰት። እስክሪብቶዬን ጫን አድርጌ «እውነት» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲመለስ ከሁሉም ጥያቄ የሳትሁት ያንን ብቻ ነበር። ቀይ ኤክስ። በዚያች ኤክስ ምክንያት ሁለተኛ ሆንሁ።

ያቃጠለኝ ሁለተኛ መሆኔ ብቻ አልነበረም፤ ኤክሱ በእናቴ ላይ የተደረገ መስሎ ተሰማኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። እናቴ ጥጥ እየጠቀለለች ወረቀቱን ከሩቅ አየችው።

«መምህርሽ የተማረውን ያስተምራል። እኔም የተማርሁትን እሠራለሁ» አለች።

«ማነው ልክ?»

«ላምባው እንዳያልቅ እዪልኝ።»

በዚያ ሰሞን ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ጊች በሚወስደው አቅጣጫ ካሉት መንደሮች ያች ነገር መታየቷ ተሰማ። እናቴ ላይ ጎጥ ወደምትባል ሩቅ መንደር ወጥታ እንድትከትብ ታዘዘች። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ልትነሣ በቅሎ ተዘጋጀ። ዓርብ ጠዋት እሷ ስብሰባ ላይ ሳለች፣ እኔ እንደ ልማዴ ነበልባሏን አየሁ፣ ቴርሞሜትሩን ጻፍሁ፤ ከዚያም እጄ አንዲት ብልቃጥ አነሣ።

ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ በውስጧ ከታች የደረቀች ነጭ ነገር አለች፣ እንደ ጨው ቅርፊት። እናቴ ልትወጋ ስትል ውሃ እንደምትጨምርበትና ውሃው ሲነካው እንደሚሟሟ አይቻለሁ። ዘር ሲደርቅ የሞተ ይመስላል፣ ውሃ ሲያገኝ ይበቅላል፤ ይህም እንዲሁ ነው ብዬ ነበር። ቲቸር ደሳለኝ በዐይኑ ካየው ኤክሱን ይሰርዝልኛል። በመሐረቤ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኋት።

ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋት። «ቲቸር፣ የኩፍኝ ክትባት ነው። ሕያው ነው። እናቴ ነች ያለችው።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት።»

የተጣለ፣ ጊዜው ያለፈበት መስሎታል፤ ይህን በኋላ ነው የነገረኝ። ደስ አለው። ጓንቱን አውልቆ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጋት።

«ይንቀሳቀሳል?»

«አይንቀሳቀስም!» አለ ክፍሉ።

«ይተነፍሳል?»

«አይተነፍስም!»

ብልቃጧ ከዴስክ ዴስክ ዞረች። ሁሉም እያገላበጠ አያት፤ አንዱ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጣት። ከዚያ እስከ ምሳ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ሆኜ እያየኋት ምናልባት ሲሞቃት ትነቃለች፣ እሷም ትመሰክርልኛለች እያልሁ እጠብቅ ነበር። ምንም አልሆነችም። በምሳ ሰዓት ሮጬ ወስጄ ከጓደኞቿ መካከል መለስኋት። ወዲያው ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ። ስምንት ብልቃጦች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

እናቴ በማግሥቱ ስምንቱንም ቆጥራ በረዶ በተሞላው ሳጥን ከተተቻቸው። አንዱ ብልቃጥ ለዐሥር ልጆች ነው። ሳጥኑ በቅሎዋ ላይ ሲታሰር አንዲት ቃል ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። «እትዬ ፈንታን እንዳታስቸግሪ» አለችኝና ሄደች።

ያን ቅዳሜ የዋልሁበትን ሐሳብ እስካሁን አልረሳውም። ቲቸር ልክ ከሆነ ምንም አልተበላሸም፤ ሕይወት የሌለው ነገር አይሞትም። እናቴ ልክ ከሆነች ዐሥር ልጆች የሞተ ነገር ይወጋሉ፤ እናቶቻቸውም ተከትበዋል ብለው ይተኛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ተሳስታ እንድትገኝ ተመኘሁ።

ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎኝ የቲቸርን በር አንኳኳሁ። እግሩን በሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሮ ደብተር ያርማል።

«ቲቸር፣ ሕይወት የሌለው ነገር አይሞትም አይደል?»

«አይሞትም» አለ ቀና ሳይል። ከዚያ ቀና አለ። «ለምን ጠየቅሽ?»

ነገርሁት። እያለቀስሁ ስለነበር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። እግሩን ሳያደርቅ ተነሥቶ ከካርቶን ውስጥ የኮሌጅ መጽሐፉን አወጣ፤ ገጹን ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። ከእግሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ።

«ምን ይላል?» አልሁት።

«ሕያው ነው አይልም። ሙቀት ሲያገኘው ይፈርሳል ይላል።»

«መፍረስና መሞት አንድ ነው?»

መጽሐፉን ዘጋው። «ለነዚያ ልጆች አንድ ነው» አለ።

እናቴን ተከትለን ላይ ጎጥ ልንወጣ ቆረጥን፤ እትዬ ፈንታም በሶና ቆሎ ቋጠረችልን። እሁድ ማለዳ ወደ ፓርኩ አቅጣጫ የሚወጣ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን፤ ከወረድንበት ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ነው። ሜዳው ላይ የሌሊቱ ውርጭ ገና አልቀለጠም። በረገጥን ቁጥር ከእግራችን ሥር የጦስኝ ሽታ ይነሣል። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንደ ሰው ቆመው ያዩናል። ቲቸር ደሳለኝ በየመቶ እርምጃው ይቆማል፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እዚያው የሚሞትብኝ መስሎኝ ጋቢውን ልያዝልዎ ስለው፣ «ተዪኝ፣ እየተነፈስሁ ነው» አለ። ሕይወት ካላቸው ነገሮች መካከል መሆኑን ሊነግረኝ ፈልጎ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ግን አጽናናኝ።

ላይ ጎጥ ስንደርስ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አውድማው ላይ ተሰብስቧል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። እናቴ መርፌ ይዛ ጎንበስ ባለችበት ቀና ስትል አየችን፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ። አባቴን አስባ ነው።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ ሲስተር» አለ ቲቸር ደሳለኝ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ግን መርፌውን ለአፍታ ያቁሙት። ሰናይት የምትነግርዎ አላት።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርሁ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ከፍሪጅ ውጭ ቆየ?»

«ከጠዋት እስከ ምሳ።»

«ፀሐይ ነክቶታል?»

«መስኮት ላይ ነበር።»

«የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

ሳጥኑን ከፍታ የቀሩትን ብልቃጦች ቆጠረች። ሁለት ብልቃጥ ከፍታለች፤ ሃያ ልጆች ተወግተዋል።

«ምናልባት ደኅና ሊሆን ይችላል» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «ግን ምናልባት እያልሁ የሰው ልጅ ላይ መርፌ አልሰካም።» ተነሥታ ቆመችና ለሴቶቹ ጮክ ብላ ነገረቻቸው። ከብልቃጦቹ አንዱ ሳይበላሽ እንዳልቀረ፣ ማንንም እንደማይጎዳ፣ ግን ላያድን እንደሚችል። ያልተከተቡት በሚቀጥለው እሁድ፣ የተከተቡት ደግሞ ከወር በኋላ እንደገና እንዲመጡ።

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዷ «በልጆቻችን ትጫወታላችሁ!» አለች። ቲቸር ደሳለኝ ወደ ፊት ወጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በእጄ ይዤ አዞርሁት፤ ፀሐይ ላይ አኖርሁት። እኔ የዚች ልጅ መምህር ነኝ» አለ።

ዝም ያሰኛቸው የመንደሩ ሽማግሌ አያ ካሳ ናቸው። ደበሏቸውን ትከሻቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ «ከመንጋ አንዲት በግ ታማ የትኛዋ እንደሆነች ካልታወቀ ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉንም ለይታችሁ ታቆማላችሁ። ሐኪሟም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በሉ ልጆቻችሁን አልብሱ፣ ንፋስ ነው» አሉ። ሴቶቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ።

ስንወርድ እናቴ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ከፊት ከፊታችን ሄደች። እዚያ ስንደርስ ቁርጥማት የያዘውን የቲቸርን እግር አይታ በበቅሎዋ ላይ አወጣችው።

ከበላዮቿ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። በሪፖርቱ ላይ ስሜን አልጻፈችም፤ «በእኔ የጥንቃቄ ጉድለት» ብላ ነው የጻፈችው። ቲቸር ደሳለኝ ሄዶ ሊናገርላት ቢል፣ «አንተ የሙከራ ጊዜህን ገና አልጨረስህም፤ ተቀመጥ» አለችው። የፍሪጁንም ቁልፍ ከዚያ በኋላ ከአንገቷ አላወለቀችም። ነበልባሏን የማየው እሷ በአጠገቤ ቆማ ነው።

ከላይ ጎጥ በተመለስን ማግሥት ቲቸር ክፍል ገብቶ የፈተና ወረቀቶቻችንን ሁሉ ሰበሰበ። «ያችን ጥያቄ ሰርዣታለሁ» አለ። «ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር እናንተን እውነት ወይም ሐሰት ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም።» ጥያቄው ለሁሉም ሲሰረዝ እኔና አንደኛዋ እኩል ሆንን። ግድም አልሰጠኝ።

በተከታዩ እሁድ እናቴ ወጥታ የቀሩትን ከተበች። ወሩ ሲሞላ ደግሞ ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ ያኔ እኔንም ይዛኝ ሄደች። «ስማቸውን አንቺ ትጠሪያለሽ» አለችኝ። አውድማው ላይ ቆሜ የሃያ ልጆችን ስም ጠራሁ። ዐሥራ ዘጠኙ መጡ። «ትርንጎ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ አቤት የሚል ጠፋ።

«የአንጓች ልጅ ናት» አሉ አያ ካሳ። «ቤቷ ከሸንተረሩ ማዶ ነው። አላስወጋም ብላለች።»

እናቴ ሳጥኑን አነገተች፤ ተከተልኋት። አንጓች ወጣት ሴት ናት። ከቤቷ ፊት ለፊት ገብስ ታሰጣለች፤ የዐሥር ወር ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። በሶ በጥብጣ በቅል ሰጠችን። እንግድነታችንን አከበረች፤ ነገራችንን ግን አልተቀበለችም።

«አንድ ጊዜ ተወግታለች። ክንዷ አብጦ ሦስት ቀን አልቅሳብኛለች። ይበቃታል።»

እናቴ አስረዳቻት፤ ደግማ አስረዳቻት። አንጓች ገብሱን በእጇ እያገላበጠች ሰማቻትና እንዲህ አለች፦ «እሺ፣ ያኔ የያዛችሁት የሞተ ነበር አላችሁ። ይኸኛውስ ነፍስ እንዳለው በምን ልወቅ?»

እናቴ ሳጥኑን ከትከሻዋ አወረደች። ወረቀቱን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ሰማያዊውን ነበልባል ለዚች ሴት እንዴት አድርጋ ታሳያት? እኔ ተናገርሁ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አንቺ?»

«ከእናቴ ፍሪጅ ሰርቄ ትምህርት ቤት ወሰድሁት። መምህሬን መሳሳቱን ላሳየው ፈልጌ ነው።»

አንጓች ገብሱን ማገላበጥ አቆመች። «ልጄ ምን በድላሽ?» አለችኝ። አልጮኸችም። እኔ ግን ተንበረከክሁ። እናቴ ልታነሣኝ እጇን ስትዘረጋ አንጓች በዐይኗ ከለከለቻት።

«እንግዲህ አንቺ ንገሪኝ» አለች። «እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ነፍስ አለው ወይስ የለውም?»

«መምህሬ የለውም ይላል። እናቴ ደግሞ አለው ትላለች» አልሁ። «እኔ ግን አላውቅም።»

አንጓች አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። እስክትጎነበስ ድረስ ሳቀች፤ ትርንጎ ጀርባዋ ላይ ነቃች። «ይህን ሁሉ አቀበት ወጥታችሁ አላውቅም ልትሉኝ መጣችሁ!» አለች ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ከከተማ መጥቶ አላውቅም ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሌላው ሁሉ ያውቃል።»

አንቀልባውን ፈታች። ልጅቱን ለእናቴ ትሰጣለች ብዬ ስጠብቅ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። «አንቺው ያዥልኝ» አለች።

ትርንጎ ቀላል ነበረች፤ እንደ ዶሮ። ጭንቅላቷ ጭስና ቅቤ ይሸታል። እናቴ ብልቃጧን አውጥታ ውሃውን ስትጨምርበት፣ ነጩ ነገር ሟሙቶ ሲጠፋ አንጓች ጎንበስ ብላ አየች። መርፌው ሲገባ ትርንጎ አውራ ጣቴን ጨምቃ ያዘችና ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔም አብሬያት አለቀስሁ።

«ከሳምንት በኋላ ትንሽ ትኩሳት ይኖራት ይሆናል» አለች እናቴ። «አትደንግጪ። ሰውነቷ ሲማር ነው።»

«ሲማር ማልቀስ ያለ ነው» አለች አንጓች ወደ እኔ እያየች።

ከፋሲካ በኋላ ያች ነገር በላይ ባሉት መንደሮች አለፈች። ከሸንተረሩ በታች ልጅ የቀበሩ ቤቶች እንደነበሩ ሰማን፤ እናቴም በየሳምንቱ ወጥታ ትመለስ ነበር፤ ስትመለስም አታወራም። እኔ ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ ስለ ላይ ጎጥ እጠይቃለሁ። ደኅና ናቸው የሚል መልስ ሲመጣ፣ ደኅና የሚሉት ሁሉንም ይሁን ወይስ የሚያውቋቸውን ብቻ እያልሁ እጨነቃለሁ።

ሰኔ ሊገባ ሲል በገበያ ቀን በርበሬ ልገዛ ተልኬ በነጭ ሽንኩርቱ ተራ ሳልፍ አንዲት ሴት፣ «አንች አላውቅም!» ብላ ጠራችኝ። ዞር አልሁ። አንጓች ናት፤ ከሽንኩርት ክምሯ ኋላ ተቀምጣለች። ትርንጎ በእናቷ ትከሻ ተደግፋ ቆማለች፤ ጆሮዋ ድረስ የወረደ የሱፍ ቆብ አድርጋለች።

«ሂጂ፣ ወደ እትሽ ሂጂ» አለቻት አንጓች።

ትርንጎ ትከሻውን ለቀቀች። አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ሁለት። በሦስተኛው ሽንኩርቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ተደነቀች እንጂ አላለቀሰችም። ዘንቢሌን ጥዬ አነሣኋት። ከብዳለች።